ከአገር ቤት የመጣ የጥርስ ሐኪም ቀጥታ ሬዚደንሲ መግባት ይችላል? ጥያቄዬና የተሰጡኝ ምላሾች

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ። አገር ቤት ስድስት ዓመት ተማርኩ፤ አራት ዓመት ደግሞ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ሠራሁ። ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን በአንድ የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱን ሊነቀል መጣ። ጥርሱ እላይ ተሰበረና ሥሩ ውስጥ ቀረ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ የምራቅና የደም መምጠጫውን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። መፈንቀያው በየት በኩል ቢገባ ሥሩ እንደሚነሳ ይታየኛል። እንዲህ ያለውን ሥር አገር ቤት ስንቴ በእጄ እንዳወጣሁት ቁጥሩን አላውቀውም። ግን ዝም ማለት ነበረብኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ብዙ ሰዓት አልተኛሁም።

ምኞቴ የሕፃናት ጥርስ ሐኪም መሆን ነው። በሠራሁባት ከተማ ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ጨቅላ ግግ አለበት እየተባለ ባህል አዋቂ ዘንድ ይወሰድ ነበር። ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ እምቡጥ ከድዱ በሹል ነገር ተፈልቅቆ ይወጣል። ልጁ ወደ እኛ የሚመጣው ድዱ አመርቅዞ ወይም ደም አልቆም ብሎት ነው። አንዳንዱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቋሚው ክራንቻ ጠፍቶ ወይም ተጣሞ። እነዚያን ልጆች አልረሳኋቸውም።

ጥያቄዬ ይኸው። የማገኘው ሰው ሁሉ እንደገና ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ግባ ይለኛል። ሁለት ሦስት ዓመት ነው፤ ወጪው ተደምሮ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነው። ያንን ሳላደርግ ቀጥታ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ፣ መግባት ይቻላል? ብገባስ ስጨርስ የሥራ ፈቃድ ይሰጠኛል?

(ተጨማሪ፦ ክሩ በጣም ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል አድርጌበታለሁ።)

ምላሽ 1

መጀመሪያ የደረሰችልኝ ዳላስ ያለች እህት ናት። እንደሚቻል፣ እሷም እንዳደረገችው ነገረችኝ። በሩ ሁለት ነው። አንደኛው አድቫንስድ ስታንዲንግ የሚባለው፣ ያ እንደገና ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባቱ ነው፤ ማመልከቻው ካፒድ በሚባለው ሥርዓት ይገባል፣ ስትጨርስ የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ዲግሪ ይዘህ ትወጣለህ። ሁለተኛው ቀጥታ ሬዚደንሲ ነው፤ ማመልከቻው ፓስ በሚባለው በኩል ይሄዳል፣ ስትጨርስ የምትይዘው ዲግሪ ሳይሆን የስፔሻሊቲ ሰርተፊኬት ነው። እሷ በሁለተኛው ገብታ የድድ ሕክምና ሦስት ዓመት ተምራ፣ ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ ትሠራለች። የመጀመሪያው እርምጃ ጂ ፒ አር የሚባለውን የአንድ ዓመት ስፔሻሊቲ መሞከር እንደሆነም ጨመረችልኝ። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ኋላ እርማት መጣባት።

ምላሽ 2

ሚኒሶታ ያለ ወንድም ነው። እሱም ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ሁለት ዓመት እንደተቀመጠና መልሱን እንደሚከታተል ብቻ ጻፈ።

ምላሽ 3

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐኪም ነው፤ በትህትና ተቃወመ። እሱ የሄደው በአድቫንስድ ስታንዲንግ ነው። ብድሩ ከባድ መሆኑን አልደበቀም፤ ገና እየከፈለ ነው። ግን ዲግሪው በእጁ ስላለ የፈለገበት ስቴት ማመልከት ይችላል። በሬዚደንሲ ብቻ ያለፈ ሰው ግን ፈቃድ የሚያገኘው ይህን በሚቀበሉ ስቴቶች ውስጥ ነው። ለምሳሌ ባለቤቴ ነገ ሥራ ቀይራ ሌላ ስቴት ብንሄድ ፈቃዴ አብሮኝ እንደማይሻገር አስታወሰኝ። እውነቱን ነው። ይህን ነጥብ ከኔ በፊት ባለቤቴ ናት የያዘችው።

ምላሽ 4

በዚህ ክር ከሁሉም በላይ የጠቀሙኝ አንድ አንጋፋ ሐኪም ናቸው። ቡልጋሪያ ተምረው በደርግ ዘመን አገር ቤት የሠሩ፣ አሁን ኒውዮርክ ስቴት የሚኖሩ። ዳላስ ያለችውን እህት በአባት ወግ አረሟት። ጂ ፒ አርም ሆነ ኤ ኢ ጂ ዲ ስፔሻሊቲ አይደሉም። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የጠቅላላ ጥርስ ሕክምና ሥልጠናዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሆስፒታል ውስጥ ይሰጣል፤ ሬዚደንቱ በማደንዘዣ የተኛ ሰውም፣ የካንሰር ሕመምተኛም፣ ሌሊት መንጋጋው ተሰብሮ የመጣም ያያል። ይሁን እንጂ ለኛ ቢጤው መወጣጫ መሰላል ናቸው። አሜሪካዊ አስተማሪ እጅህን አይቶ ስለ አንተ የሚጽፍልህ እዚያ ነው።

የት እንደምጀምርም ጠቆሙኝ። ብሩክሊን ላይ የተመሠረተው፣ ዛሬ በኤን ዋይ ዩ ላንጎን ስም የሚጠራው ትልቅ የጥርስ ሬዚደንሲ በብዙ ስቴቶች የሥልጠና ጣቢያዎች አሉት፤ የውጭ ምሩቃንንም ሲቀበል የኖረ ነው። ሮቸስተር ያለው ኢስትማን ኢንስቲትዩትም እንደዚሁ። እሱን ያቋቋመው የኮዳክ ካሜራው ጆርጅ ኢስትማን ነው፤ በፈረንጆቹ 1917 በሩን ሲከፍት ዓላማው የድሃ ልጆችን ጥርስ ማከም ነበር። የሕፃናት ሐኪም መሆን እንደምፈልግ ስለጻፍኩ ይህን ሳይነግሩኝ ማለፍ እንዳልሆነላቸው ገለጹልኝ። ደስ አለኝ።

ምላሽ 5

ቨርጂኒያ ያለ ሰው ነው። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው፤ ግን ወርቅ የሆነ መረጃ ጣለልኝ። የቨርጂኒያ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ደንብ ዲግሪው ኮዳ (የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርትን የሚያጸድቀው አካል) ካጸደቀው ትምህርት ቤት ያልሆነን ሰው ሙሉ በሙሉ አይዘጋበትም። ኮዳ ያጸደቀውን ቢያንስ የ12 ወር የጠቅላላ ጥርስ ሕክምና ድኅረ ምረቃ ሥልጠና፣ ወይም ቢያንስ የ24 ወር የስፔሻሊቲ ሥልጠና ከነክሊኒክ ሥራው የጨረሰ ሰው ማመልከት ይችላል። ቴክሳስም ቢያንስ ሁለት ዓመት የሆነ ስፔሻሊቲ ለጨረሰ የውጭ ምሩቅ በር አለው። ከዚያ ብሔራዊው የቦርድ ፈተናና የክሊኒክ ፈተና ይቀራል። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ወሬ ትቼ የየስቴቱን ደንብ ከራሱ ከቦርዱ ገጽ እንዳነብ አዘዘኝ።

ያንኑ ሌሊት ገብቼ አነበብኩት። የሕፃናት ጥርስ ሬዚደንሲ 24 ወር ነው። ደንቡ የሚለውም 24 ወር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ስቴት እየኖርኩ ይህንን ደንብ ከፍቼ አላየሁትም ነበር። እባካችሁ የምትኖሩበትን ስቴት ደንብ ዛሬውኑ ክፈቱት። ደንብ ይቀየራል፤ የዓምናውን የነገራችሁን ሰው አትመኑ።

ምላሽ 6

እዚህ ጋ ንግግሩ ከረረ። አንድ ወንድም ይህ ሁሉ ሰው ማታለል እንደሆነ ጻፈ። ጥርስ ማስተካከል ለመማር ሁለት ዓመት በተከታታይ አመልክቶ አንድ ኢንተርቪው እንኳ አልተጠራም። የማመልከቻ ክፍያው፣ የዶክመንት ግምገማው፣ የፈተናው ተደምሮ የዓመት ቁጠባውን በልቶታል። ቦታው ጥቂት ነው፤ የአሜሪካ ምሩቅ ከተሞላ በኋላ የተረፈው ነው ለኛ። ተስፋ መሸጥ እንድናቆም ጠየቀ። ቃሉ ጠንካራ ነበር፤ ግን ሕመሙ ይገባኛል፤ አልተቀየምኩትም።

ምላሽ 7

ዳላስ ያለችው እህት መለሰችለት፤ እሷም ትንሽ ቆጣ ብላለች። ጥርስ ማስተካከልን መርጦ አምስት ፕሮግራም ብቻ ላይ ማመልከቱን ከራሱ ጽሑፍ አውጥታ አሳየችው። አሥራ ሁለት የታወቁ ስፔሻሊቲዎች እያሉ እጅግ ብዙ ሰው የሚሻማበትን አንዱን ብቻ መያዝ ለውጭ ምሩቅ እንደማያዋጣ ነው ክርክሯ። ድድና ሰው ሠራሽ ጥርስ የተሻለ በር እንዳላቸው፣ የአንድ ዓመቱን ሥልጠና ቀድሞ የሠራ ሰው ደግሞ ማመልከቻው ሌላ መልክ እንደሚይዝ አስረዳች። በጂ ፒ አር ጉዳይ መሳሳቷንም አምና አንጋፋውን አመሰገነች።

ምላሽ 8

ስለ ዶክመንት የጻፈው ሲያትል ያለ ወንድም ነው። ይህንን ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው የሚወድቀው ፈተና ላይ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው።

የቦርዱን ፈተና ለመቀመጥ የውጭ ምሩቅ መጀመሪያ ትምህርቱን ኢ ሲ ኢ በሚባለው ድርጅት ማስገምገም አለበት። በእጃችን ያለው ስቱደንት ኮፒ ለዚህ አይሆንም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ መላክ አለበት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ካልተጠናቀቀ፣ ኮስት ሼሪንግ የምንለው ማለት ነው፣ ኦፊሻሉን አይለቅም። ስለዚህ ዕዳውን መክፈል፣ ክሊራንስ ማስጨረስ፣ ውክልና ለሰው መስጠት፣ ያ ሰው ሬጅስትራር ድረስ መመላለስ አለ።

ይህንን እኔም አይቼዋለሁ። የአክስቴ ልጅ በውክልና ሄዶልኝ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ሦስት ቀን ቆሟል። አንደኛው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። ሁለተኛው ቀን ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ወጣ፤ ግን የአባቴ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ። ፓስፖርቴና ትራንስክሪፕቴ አንድ ፊደል ስለተለያዩ ሁሉም እንደ አዲስ ተጀመረ። አራት ወር ፈጀብኝ።

ሲያትል ያለው ወንድም ሌላም አነሳ። ፓስ ከትምህርት ቤታችሁ ዲን የግምገማ ቅጽ ይጠይቃል። ቅጹ ከክፍላችሁ ስንተኛ እንደሆናችሁም ይጠይቃል። የኛ ትምህርት ቤቶች ይህን የመስጠት ልማድ የላቸውም፤ ዲኑም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማመልከቻው ከወራት በፊት ደውሎ፣ ቅጹ ምን እንደሆነ አስረድቶ፣ በአክብሮት መጠየቅ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ደረጃችሁን በደብዳቤ አጽፉ። ይህንን ምክር ማንም አልሰጠኝም ነበር።

ምላሽ 9

ስለ ፈተናው አጭርና ጥሩ ምላሽ ነው። ድሮ ፓርት ዋንና ፓርት ቱ የነበረው ተቀይሯል። ከ2020 ጀምሮ አይ ኤን ቢ ዲ ኢ የሚባል አንድ የተዋሐደ ፈተና ነው፤ 500 ጥያቄ በሁለት ቀን። ውጤቱ ያለፈ ወይም የወደቀ ተብሎ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በከፍተኛ ነጥብ ዓይን መሳብ አይቻልም። ማመልከቻውን የሚለየው ሌላው ነገር ነው፦ የሚጽፍልህ ሰው፣ የሠራኸው ሥራ፣ ስለ ራስህ የጻፍከው። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ለሚፈልግ ሲ ቢ ኤስ ኢ የሚባል የመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና ለብቻው እንዳለም አስታወሰ።

ምላሽ 10

ከአዲስ አበባ የገባ ሐኪም ነው፤ በጣም ተቆጥቷል። በሕዝብ ገንዘብ ተምረን ወጥተን፣ እዚያ መምጠጫ ይዘን ቆመን የምናለቅሰው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ያቺ ትንሽ ከተማ አሁን የጥርስ ሐኪም አላት ወይ አለኝ።

የላትም። ከኔ በኋላ የሄደው ልጅም ወጥቷል። ይህንን ጥያቄ ለማምለጥ አልሞክርም።

ምላሽ 11

ሚኒሶታ ያለው ወንድም ተቆጥቶ ተነሳ። ደመወዙ የቤት ኪራይ እንደማይሸፍን፣ ማደንዘዣ መድኃኒት አልቆ ሕመምተኛ ሲመለስ ማየት ምን እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ ወደ ስድብ ሊገቡ ሲሉ አንጋፋው ሐኪም ገብተው ሁለቱንም በአንድ መስመር ገሠጿቸው። ሁለቱም ዝም አሉ።

ምላሽ 12

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ረጋ ብሎ ተመለሰ። ከርዕሱ ወጣ ያለ ነገር ነበር፤ ግን ትልቅ ነገር ሆነ። የሚሠራው የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ላይ ነው። ወንጂ አካባቢና ወደ ዝዋይ በኩል የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ እዚያ ያለው ብዙ ጉድጓድ ከዚያ በላይ ነው። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ዕድሜ ልኩን የጠጣ ሰው አጥንቱም ይጎዳል። አንዲት ኮረዳ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ እንዴት እንደምትሸፍን ጻፈ። አንብቤ ብዙ አሰብኩ።

ምላሽ 13

ዳላስ ያለችው እህት ይህንኑ ይዛ ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ፐርሰናል ስቴትመንት ላይ፣ አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ላይ ማለት ነው፣ የኛ ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር ብሎ ይጀምራል። አንባቢው እንዲህ ያለውን በመቶ የሚቆጠር አይቷል። ግግ የወጣለትን ጨቅላ በእጁ ያከመ፣ ፍሎራይድ ያጠቆረውን ጥርስ በየቀኑ ያየ አመልካች ግን ብዙ አይገጥመውም። መነሻ ጥያቄዬ ላይ ስለ ልጆቹ የጻፍኩትን አንቀጽ ሳልነካካ እንድወስደው መከረችኝ። የአዲስ አበባውንም ሐኪም የጥናት ሥራ አብሯት እንዲጽፍ ጋበዘችው። እሺ አለ።

ምላሽ 14 እና 15

ቶሮንቶ ያለ ሰው የካናዳውን መንገድ አነሳ። እዚያ ኤን ዲ ኢ ቢ በሚባለው የምዘና መንገድ፣ ከኤ ኤፍ ኬ ፈተና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ አልፎ፣ ትምህርት ቤት ሳይመለሱ አጠቃላይ ሐኪም መሆን ይቻላል። ዱባይ ያለች እህት ደግሞ ፕሮሜትሪክ ስለምንለው የዓረብ አገሮች የሥራ ፈቃድ ፈተና ጠየቀች፤ ራሱን የቻለ ክር እንድትከፍት ነገርናት።

ምላሽ 16

የገንዘብ ነገር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐኪም ተመልሶ እሱ በተማረበት ዘመን የነበረው ብድር ዛሬ እንደሌለ በሐቀኝነት ነገረን። በ2025 በወጣው ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ለሐኪምነት ዓይነት ትምህርት የፌዴራሉ ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ቆሟል። የቀረውን ከግል ባንክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሩን ሙሉ በሙሉ ባይተወውም አላልቶታል። ሬዚደንሲም ቢሆን ሁሉም አይከፍልም፤ ሆስፒታል ውስጥ ያሉት ጂ ፒ አርና የሕፃናት ጥርስ ብዙ ጊዜ ደመወዝ አላቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉት እንደ ጥርስ ማስተካከል ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ያስከፍላሉ። ከማመልከት በፊት አንድ በአንድ መጠየቅ ነው።

ምላሽ 17

አንድ ሰው ማች በሚባለው፣ አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በየምርጫቸው በሚያገናኘው ሥርዓት ላይ ፕሮግራሞችን በቅደም ተከተል ስናሰልፍ የሚቀበለንን ፕሮግራም አንደኛ፣ የምንወደውን ኋላ እንድናደርግ መከረ።

ምላሽ 18

ይህ ምክር ስህተት ነው፤ ቨርጂኒያ ያለው ሰላምታ የለሹ ወንድም ወዲያው አረመው። ስሌቱ የሚጀምረው ከአመልካቹ ምርጫ ነው። ከልብ የምትወደውን አንደኛ ማድረግህ ሁለተኛው ላይ ያለህን ዕድል አይቀንሰውም። ውጤቱ ግን ያስራል፤ የማትሄድበትን ፕሮግራም ዝርዝርህ ላይ አታስገባ።

ምላሽ 19

አንጋፋው ሐኪም ስለ እጄ ተጨነቁ። ሁለት ዓመት ጥርስ ያልነካ እጅ ይዶለዱማል። እሳቸው እንደኔ በነበሩበት ጊዜ የፕላስቲክ ጥርሶች የተገጠሙበት የመለማመጃ መንጋጋ ገዝተው፣ ሞተሩን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀፍድደው፣ ልጆቻቸው ሲተኙ ይሞርዱ ነበር። ጠዋት የፕላስቲኩ ብናኝ ከስኳሩ ላይ ይጠረጋል። ባለቤታቸው አንድ ቀንም አልተቆጧቸውም። ለኔ ደግሞ እዚሁ ቨርጂኒያ ሚሽንስ ኦፍ ሜርሲ በሚባሉት የነፃ ሕክምና ቀናት በረዳትነት እንዳገለግል ነገሩኝ። እዚያ በማስተማር ሥራ ላይ ካሉ ሐኪሞች ጋር ጎን ለጎን ይሠራል፤ ሰው ሰውን የሚያውቀው እዚያ ነው።

ምላሽ 20

እኔ ነኝ የመለስኩት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወሰንኩት ይህ ነው። ከፈቃዱ ተነስቼ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ደንቡ ያስገባኛል። ስለዚህ ፈተናውን አልፌ፣ ጂ ፒ አር እና ኤ ኢ ጂ ዲ ላይ በሰፊው አመለክታለሁ፤ ያንን ይዤ ወደ ሕፃናት ጥርስ። አድቫንስድ ስታንዲንጉን አልጣልኩትም፤ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደግሞ፦ ለጥያቄህ ሙሉ መልስ የለኝም፤ ግን የወንጂውን ሥራ ስትጽፉ እኔም መረጃ በማጠናቀር እገባለሁ።

ምላሽ 21

ምላሽ 6ን የጻፈው ወንድም ተመለሰ። ለአነጋገሩ ይቅርታ ጠይቆ፣ እሱም የሚኖረው እዚሁ ፎልስ ቸርች መሆኑን ነገረኝ። የቦርዱን ፈተና ገና አላለፈም፤ ብቻውን ማጥናት አልሆነለትም። መጻሕፍቱ ግን አሉት። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተ መጻሕፍት እንገናኛለን። መምጣት የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ ጠረጴዛው ስድስት ሰው ይይዛል።